በሩን ከታች ስናስቆርጠው ውስጡ ካርቶን ሆኖ ተገኘ፣ የቀሩትን ሶስቱን እንዴት ላድርግ?

የጀሞዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ሁሉንም ካልነገርኳችሁ ትክክለኛ መልስ አላገኝም ብዬ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ባለ ሁለት መኝታ። ስንረከብ ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ ነበር፣ እንደዛው ላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈንበት ስንት ዓመት ከርመን ዘንድሮ እቁብ ደርሶኝ ሴራሚክ አስነጠፍኩ። ሰራተኛው ጎበዝ ነው፣ ንጣፉ ላይ አንድ እንከን አላየሁበትም። ሊጀምር ሲል የውስጥ በሮቹን ከማጠፊያቸው ወደ ላይ እያነሳ አወጣቸውና ሳሎን ግድግዳ ላይ ደርድሮ አስደገፋቸው፣ ስራው አልቆ መልሰን ልንሰቅል ስንል ግን አራቱም አልገባ አሉ። አሸዋና ሲሚንቶው ከነሴራሚኩ ወለሉን 3 ሳንቲም ተኩል ያህል ከፍ አድርጎታል፣ ድሮ ከበሩ ስር የነበረው ክፍተት ደግሞ 1 ሳንቲም ብትሆን ነው።

በሰው በሰው አንድ አናጺ አገኘሁ። ግራይንደር ይዞ መጣ፣ የመኝታ ቤቱን በር ወንበር ላይ አጋደመና በእርሳስ አስምሮ 4 ሳንቲም ቆረጠው፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። በሩን አቁሞ ሲያሳየኝ ከታች ባዶ ነው። ሁለት ስስ ጣውላ ፊትና ኋላ፣ በመሀላቸው እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ቡናማ ካርቶን። ሁለቱን ጣውላ በጣት ስትጫኑት ገባ ወጣ ይላል። ጠርዙ ደግሞ ተቦጫጭቋል፣ ነጩ ቀለም በአንድ በኩል እስከ ሁለት ጣት ድረስ ተልጧል። "ምንም አይልም፣ ከታች ማን ያየዋል" አለኝና ሁለተኛውን ሊያጋድም ሲል ቆይ አልኩት፣ የአንዱን ከፈልኩትና ሸኘሁት።

በሩ ተሰቅሏል፣ ይከፈታል ይዘጋል፣ ግን ልቤ አላረፈም። ያ ክፍት የበረሮ ቤት ነው የሚሆነው፣ ወለል ሲታጠብ ውሃውን ካርቶኑ ይመጠዋል ብዬ እፈራለሁ። እና የቀሩትን ሶስቱን (ሌላኛው መኝታ፣ ኩሽና፣ ባኞ ቤት) ምን ያህል ባስቆርጥ ነው ውስጡ የማይከፈተው፣ የተበላሸውስ ይድናል ወይስ አዲስ ልግዛ? የሚያውቅ ሰው እባካችሁ።

የሰፈር ልጅ 22፦

እህቴ መቃንሽ ብረት ከሆነና ማጠፊያው በሩ ተነስቶ የሚወጣበት ዓይነት ከሆነ ሮንዴላ (መሀሉ ክፍት የሆነችው ክብ ብረት) ነው መፍትሄው። ማጠፊያው መሀል ያለው ፒን ላይ አንድ ሁለት ሮንዴላ አስገቢበት፣ በሩ ከፍ ይላል፣ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። እኔ ቤት ክረምት ላይ ኩሽናው ወለሉን ሲፍቅ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ እስካሁን ሰላም ነው።

የጀሞዋ፦

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ መቃኑ ብረት ነው ማጠፊያውም እንዳልከው ነው። ግን የኔ እኮ 3 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ሮንዴላ ይህን ያህል ያነሳል?

አናጺ ነኝ፦

አያነሳም ልጄ። የሮንዴላው ዘዴ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ልጁ ውሸት አልተናገረም፣ ግን ለ2 ሚሊ ለ3 ሚሊ ነው የሚሆነው። ከዛ በላይ ከሄድሽ በሩ ከላይ መቃኑን ይነካል፣ የቁልፉ ምላስም ቀዳዳውን ይስታል። ማጠፊያው የተያዘውም በፒኑ ርዝመት ስለሆነ ብዙ ባነሳሽው ቁጥር የያዘው እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወልቃል።

ይሄን ስራ ከ30 ዓመት በላይ ሰርቼበታለሁ፣ ድሮ በኮምፔንሳቶ ራሳችን ነበር የምናለብሰው፣ ዛሬ ተጭኖ ያለቀ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከኮላ የሚሰራ ሰሌዳ) ለብሶ ይመጣል እንጂ አሰራሩ ያው ነው። ዙሪያውን የእንጨት ፍሬም አለ። ግራና ቀኝ ያሉት ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጡ ይወርዳሉ፣ ላይና ታች ያሉት በነሱ መሀል ይገባሉ። በዛ ላይ ፊትና ኋላ 3 ሚሊ የምታህል ልብስ በኮላ ይለበስበታል፣ ልብሱ መሀሉ ላይ እንዳይረግብ ያየሽው ካርቶን ይዘረጋበታል፣ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም እንጨት ለብቻው ይቀመጣል። የበሩ ጉልበት ያለው ዙሪያው ላይ ነው። ታች ያለው እንጨት ብዙውን ጊዜ 3 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ አንዳንዱ ፋብሪካ ከዚያም ያሳንሰዋል፣ ለጋስ የሆነው 5ም 6ም ያደርገዋል። ሰውየው 4 ሳንቲም ሲቆርጥ እንጨቱን ሙሉ በሙሉ ይዞት ሄደ ማለት ነው። ልብሱ ገባ ወጣ የሚለው የሚይዘው ስላጣ ነው፣ እንዲሁ ከተውሽው በዓመት በሁለት ዓመት ከታች እየተላቀቀ ይሰነጠቃል።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ የት ነው ያለው? ጥለሽዋል?

የጀሞዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቁራጩ አለ! ልጄ ሰይፍ ነው ብሎ ሲጫወትበት ሰንብቷል፣ አሁን አልጋ ስር አገኘሁት። በሩን ያህል ይረዝማል፣ ፊትና ኋላው ላይ ነጩ ልብስ እንዳለ ነው፣ መሀሉ ነጣ ያለ ቀላል እንጨት ነው።

ገርጂ፦

እኔ ብሆን እነዚህን የካርቶን በሮች ጠቅልዬ አውጥቼ አዲስ ነበር የማስገባው። እድሜ የላቸውም፣ አንድ ጊዜ በጫማ ስትመታቸው ይበሳሉ። ካልሆነም ከታች አትንኪያቸው፣ ከላይ ነው የሚቆረጠው፣ ከላይ ማንም አያየውም ውሃም አይነካውም።

አናጺ ነኝ፦

ወንድሜ ከላይ መቁረጥ ለዚህች ልጅ አይሆናትም። ከላይ ስትቆርጥ በሩ በሙሉ 3 ሳንቲም ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ያ ማለት ማጠፊያዎቹ በሩ ላይ በአዲስ ቦታ ይታሰራሉ፣ እጀታውና ቁልፉም አብረው ከፍ ይላሉ፣ መቃኑ ደግሞ ብረት ነው፣ የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ቀዳዳ እንደገና በግራይንደር መክፈት ሊኖርባት ነው። ከታች ከተቆረጠ ከማጠፊያና ከቁልፍ አንዱም አይነካም። አዲስ ግዢ ማለትም ገንዘብ ላለው ሰው ቀላል ምክር ነው፣ ልጅቷ እቁብ ደርሷት ነው ወለል ያስነጠፈችው።

ልጄ ቁራጩ ካለ በርሽ ድኗል። እንዲህ አድርጊ ወይም የሚሰራልሽን ሰው እንዲህ አሰሪው። ቁራጩ ላይ ግራና ቀኝ ጫፍ የጎን እንጨቶቹ ቁራጭ አለ፣ እሱን ለይተሽ አውጪው፣ መሀል ያለው ረጅሙ ነው የሚፈለገው። ከዛ ልብሱን ከሁለቱም ፊት በመሮ ማላቀቅ ነው፣ መሮውን አስተኝቶ በልብሱና በእንጨቱ መሀል በቀስታ መግፋት፣ ኤምዲኤፉ በቅጠል በቅጠል ይነሳል። የቀረውን ኮላ በብርጭቆ ወረቀት ጥርግ። እንጨቱ ላይ የተረፈ ኮላ ካለ ወይ አልገባም ይላል ወይ ገብቶ ልብሱን ያሳብጠዋል።

በሩን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አጋድመሽ ካርቶኑን በጠፍጣፋ እንጨት ወደ ውስጥ 4 ሳንቲም ያህል ግፊው፣ ማውጣት አያስፈልግም፣ ይጨማደድና ቦታ ይለቃል። ከልብሱ ጋር ተጣብቆ የቀረውን በቢላ ፍቂው። መጀመሪያ ያለ ኮላ አስገብተሽ ሞክሪ። ሳይጨናነቅ ግን ሳይላላም በእጅ ግፊት መግባት አለበት፣ ከጠበበ በመላጊያ አንድ ሁለቴ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው። ሲስማማ የእንጨት ኮላ በእንጨቱ ሁለት ፊትና በልብሶቹ ውስጠኛ ፊት ላይ ቀቢና አስገቢው፣ የታችኛው ጠርዙ ከበሩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ከላይም ከታችም ቀጥ ያለ ጣውላ አድርገሽ በሞርሳ (እየጠመዘዝሽ የምታጠብቂው መያዣ) ማሰር፣ ጣውላ ከሌለ ሞርሳው ኤምዲኤፉን ሰርጉዶ ምልክት ይተዋል። ሞርሳ ከሌለሽ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስተኝተሽ ጣውላውን አናቱ ላይ አድርጊና ሁለት ሶስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ ጫኚበት፣ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ነው፣ ይበቃል። ከስር ላስቲክ ማንጠፍ እንዳትረሺ፣ የሚተርፈው ኮላ ከአዲሱ ሴራሚክሽ ጋር እንዳያጣብቀው። እስከ ነገ እንዳይነካ።

ይሄን የምታነቡ ሌሎቻችሁም፣ ቁራጩ ቢጠፋባችሁ ሞራሌ ገዝታችሁ በልኩ ማስላግ ትችላላችሁ። 35 ሚሊ ውፍረት ያለው በር ልብሱ 3 ሚሊ 3 ሚሊ ከሆነ መሀሉ 29 ሚሊ ነው። ግን ደረቅ እንጨት ይሁን፣ ገና እርጥብ ባህር ዛፍ ካስገባችሁ ሲደርቅ ኮስሶና ተጣሞ ልብሱን ይዞት ይሄዳል።

ሜሪላንድ ያለሁ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ የቤት እድሳት ነው የምሰራው፣ እዚህም የቤቶቹ የውስጥ በር አብዛኛው ይሄው ባዶ በር ነው፣ ሰዎች ምንጣፍ ነቅለው የእንጨት ወለል ወይም ሴራሚክ ሲያስነጥፉ በሳምንት ሁለት ሶስቴ የምገጥመው ስራ ነው። ቁራጩን መልሶ ማስገባትም እዚህ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ አቆራረጡ ነው ምክንያቱም እህታችን ጠርዙ ተቦጫጨቀ ያለችው ነገር ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል ነው።

መጀመሪያ ግን ግራይንደር። እባካችሁ ግራይንደር ላይ የእንጨት ጥርስ ያለው ዲስክ ገጥሞ በር የሚቆርጥ ሰው ቤታችሁ አታስገቡ። ፍጥነቱ ለእንጨት አልተሰራም፣ ጥርሱ አንዴ ከነከሰ ማሽኑ ከእጅ ተፈትልኮ ይዘላል፣ ወደ ፊት ወደ ጭን ነው የሚመጣው። አብሮኝ የሰራ ልጅ አገር ቤት እያለ እጁን እንደዛ ነው የተጎዳው፣ ሁለት ጣቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ለአንድ በር ተብሎ የሚገባበት አደጋ አይደለም።

መስመሩን በእርሳስ ካሰመራችሁ በኋላ የቀለም ፕላስተር ለጥፉበት፣ ከዛ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ በከተር መስመሩን ሶስት አራት ጊዜ ጫን እያላችሁ ቁረጡት፣ ሁለቱንም ፊት፣ ጠርዞቹንም ጭምር። ልብሱ 3 ሚሊ ነው፣ ቀለሙንና ላይኛውን ሽፋን ከተሩ ቀድሞ ከለየው መጋዙ ሲመጣ የሚቦጫጨቀው ከመስመሩ ወዲያ ያለው ብቻ ነው። መጋዙን መስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ በታች 1 ሚሊ ራቅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ የቀረችውን በብርጭቆ ወረቀት ትጨርሷታላችሁ። ሰርኩላር መጋዝ ከሆነ ጥርሱ ከስር ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ የሚቦጫጨቀው የላይኛው ፊት ስለሆነ የሚታየውን ፊት ወደ ታች አጋድሙት። ጂግሶም አብዛኛው ምላጭ እንደዛው ነው። የእጅ መጋዝ ግን የተለመደው ዓይነት ሲገፋ ወደ ታች ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚህ የሚታየው ፊት ወደ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ያጋድማል። ምላጩ ደግሞ ጥርሱ የደቀቀ ይሁን፣ የ40 ወይም የ60 ጥርስ፣ የሞራሌ መቁረጫው ባለ 24 አይሆንም። ሌላ ቀጥ ያለ ጣውላ በሩ ላይ በሞርሳ አስራችሁ መጋዙ እሱን ተደግፎ ይሂድ፣ በእጅ ብቻ ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የኤምዲኤፍ ብናኝ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ደቃቅ ነው፣ ኮላውም ኬሚካል ያለው ነው፣ ማስክ አድርጉና ውጪ ወይም ባልኮኒ ላይ ስሩት፣ ልጆች አይኑሩ። እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሰራ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳታስመረምሩ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ከቤት ወደ ጋራዥ የሚያስገባው በርም እሳት እንዲያግድ ተብሎ የተለየ በር ነው፣ እሱን ዝም ብሎ መቁረጥም በካርቶን በር መተካትም አይፈቀድም።

የጀሞዋ፦

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ሁሉንም ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ቅዳሜ መጥቶ አብረን ልንሰራው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የቀሩት በሮች ታች ያለው እንጨት ስንት እንደሆነ ሳይቆረጥ በምን ይታወቃል? በጣቴ እያንኳኳሁ ሞከርኩ፣ መሀሉ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ታች ሲደርስ ድፍን ይላል፣ ግን የት ጋ እንደሚለወጥ በትክክል መለየት አቃተኝ።

አናጺ ነኝ፦

ማንኳኳቱ ግምት ነው የሚሰጥሽ። በሩ ወልቆ ስላለ ስራው ቀላል ነው። ወንድምሽ በድሪል የ3 ሚሊ ጫፍ ይዞ ከበሩ ታችኛ ጠርዝ መሀል ላይ ወደ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይብሳ። እንጨት ውስጥ እስካለ ድረስ እየታገለ ይሄዳል፣ ልክ ሲያልፍ ባዶው ውስጥ ወደቅ ይልለታል፣ እጁ ያውቀዋል። እዛው ያቁምና ድሪሉ ጫፍ ላይ በጥፍሩ ይዞ ያውጣው፣ በሜትር ይለካው። ያ ነው የእንጨቱ ልክ። ቀዳዳው ወይ ተቆርጦ ይሄዳል ወይ በስቱኮ ይደፈናል፣ ከታች ስለሆነም አይታይም።

ከልኩ ላይ ቢያንስ 1 ሳንቲም ተኩል እንጨት እንዲቀር አድርጊ። ከዛ ካነሰ በሩ ውስጥ የቀረችውን አውጥተሽ የቁራጩን እንጨት መልሰሽ አስገቢው፣ 5 ሚሊ የምታህል ስስ እንጨት ብቻዋን ስትቀር ኮላዋ አይችልም፣ ትላቀቃለች።

ሌላ፣ 4 ሳንቲም መቁረጥ ምንም አያስፈልግም ነበር። ወለሉ 3 ተኩል ወጣ፣ ድሮ 1 ክፍተት ነበረ፣ የሚጎድለው 2 ሳንቲም ተኩል ነው፣ በዛ ላይ 5 ሚሊ ክፍተት ብትሰጪው 3 ሳንቲም። ግን ይሄንንም በየበሩ ለኪው። ከመቃኑ ላይኛ ክፍል እስከ ወለሉ በማጠፊያው በኩል፣ በቁልፉ በኩል፣ ከዛ በሩ ሲከፈት በሚዞርበት ቦታ ሁሉ ወለሉን በውሃ ልክ እዪው። ሴራሚክ ወደ አንድ ጥግ ከፍ ብሎ ሊሄድ ይችላል፣ በሩ ሲዘጋ ልክ ሆኖ ሲከፈት ግማሽ መንገድ ላይ ይፍቃል። ከፍተኛውን ቦታ ነው የምትከተዪው።

ባኞ ቤቱ ላይ 1 ሳንቲም ክፍተት ተዪ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት አየር ከስር ይፈልጋል፣ በተለይ መስኮቱ ትንሽ ከሆነ። ከቆረጥሽ በኋላ ታችኛውን ጠርዝ ሳትቀቢ እንዳትሰቅዪ። ኤምዲኤፍ ጥሬው ከተተወ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውሃ ሲነካው ያብጥና መልሶ አይኮስስም። ዘይት ቀለም ሁለቴ፣ ባኞ ቤቱን ሶስቴ፣ በየመሀሉ እየደረቀ። ብዙ አናጺ ይሄን አያደርግም፣ በሩ ከተሰቀለ በኋላ ብሩሽ ስለማይገባ።

አዳማ 09፦

እዚህ ላይ ልግባና፣ የኔ በቁመት ሳይሆን በወርድ ነው። አዲስ በር ገዛሁ፣ የእንጨት መቃኑ ልስን ሲሰራ ጠቦ በሩ 8 ሚሊ ይሰፋል። በቁልፉ በኩል ልላገው ብዬ ነበር፣ ሻጩ አይነካም አለኝ። ይነካል አይነካም?

ሜሪላንድ ያለሁ፦

ይነካል ግን ከልክ ጋር። የጎን እንጨቱም ያው 3 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ 8 ሚሊውን ከአንድ ጎን ከመውሰድ ከሁለቱም 4 4 ሚሊ ብትወስድ ፍሬሙ እኩል ይቀራል። ቁልፉ ገና ያልተበሳ አዲስ በር ከሆነ እንደዛ አድርግ። የተበሳ ከሆነ ግን በቁልፉ በኩል አትንካው፣ እጀታው ከጠርዙ ያለው ርቀት ይቀየርና የቁልፉ ምላስ ፊቱ ወጥቶ ይቀራል፣ ሁሉንም በማጠፊያው በኩል ውሰድና የማጠፊያውን ጎድጓዳ በመሮ እንደገና አውጣ። ማጠፊያውን ስታስር ድሮ ብሎኑ ከነበረበት ቀዳዳ አጠገብ ከሆነብህ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክረህ ቀዳዳውን ሙላ፣ ሲደርቅ ብሰህ እሰር። በመጋዝ ሳይሆን በመላጊያ ስራው፣ ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሀል ሳብ፣ እስከ ጫፍ ድረስ ከገፋኸው መጨረሻ ላይ ጥጉ ይገነጠላል። በቁልፉ በኩል ያለውን ጠርዝ በሩ በሚዘጋበት አቅጣጫ ትንሽ ዘንበል አድርገህ ላገው፣ 2 ሚሊ ብትሆን ነው፣ ያለዛ በሩ ሲዘጋ የውስጠኛው ጥግ መቃኑን ይነክሳል።

አዳማ 09፦

አልተበሳም አዲስ ነው። 4 4 እወስዳለሁ፣ በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ።

የሰፈር ልጅ 22፦

ጋሼ እኔም ተማርኩ፣ የኔ ሮንዴላ 2 ነው ያስገባሁት ዛሬ ሄጄ አየሁት ችግር የለውም። ግን እርስዎ ሴራሚክ ሊያስነጥፍ ላሰበ ሰው ምን ይመክራሉ፣ እኛ ቤት ሳሎኑን ልናስነጥፍ ነው።

አናጺ ነኝ፦

ቅደም ተከተሉን ነው የምነግርህ። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰው ከመጀመሩ በፊት ስንት ሳንቲም እንደሚወጣ ጠይቀው። በአሸዋና በሲሚንቶ ነው የሚሰራው ከሆነ ከ3 በታች አይወርድም፣ የድሮው ወለል ቀጥ ያለ ከሆነ በሴራሚክ ማጣበቂያ ኮላ ቢሰራው ከ1 ሳንቲም ተኩል ብዙ አያልፍም፣ ያኔ በሩ ላይ የሚቆረጠው ትንሽ ነው። ባልኮኒ በር ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ወለሉ የበሩን ደፍ እንዳያልፈው፣ ካለፈው የዝናብ ውሃ ወደ ቤት ይገባል። በሮቹን በክረምት አትለካቸው፣ ያበጠ በር ለክተህ ከቆረጥክ በበጋ ክፍተቱ ሰፍቶ ታገኘዋለህ። ግዴታ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ጥቂት ቀን አስደግፈህ ካቆየኸው በኋላ ለካ።

የጀሞዋ፦

ቅዳሜና እሁድ ሰርተን ጨረስን፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ሶስቱንም በድሪል ብሰን ለካን። ሌላኛው መኝታና ኩሽናው 2 ሳንቲም ከ8 ሚሊ ነው እንጨታቸው፣ ጋሼ እንዳሉት ልክ ሲያልፍ ወደቅ ይላል፣ ወንድሜ ሶስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያወቀው። ባኞ ቤቱ ግን 5 ሳንቲም ተኩል ሆኖ አገኘነው። እሱ ቀደም ብሎ የተቀየረ ሌላ በር ነው፣ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው የሚመስሉት። እንደ መኝታው መስሎኝ ዝም ብዬ ባስከፍተው ኖሮ በከንቱ ነበር የምደክመው።

ባኞ ቤቱን 3 ተኩል ቆረጥነው፣ 2 ሳንቲም እንጨት ቀረለት፣ ምንም ሳይከፈት። መኝታውን 3። ኩሽናው ላይ ወለሉን በውሃ ልክ ስናየው ወደ ማቀዝቀዣው ጥግ 4 ሚሊ ከፍ ይላል፣ በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደዛ ነው፣ 3 ሳንቲም ከ4 ሚሊ አደረግነው። ያንን ባናይ ኖሮ ሁለቴ ማውለቃችን ነበር። ሰርኩላር መጋዝ አልነበረንም፣ በእጅ መጋዝ ነው የሰራነው፣ የሚታየውን ፊት ወደ ላይ አድርገን፣ ፕላስተርና ከተር ቀድመን። አንድ በር ሃያ ደቂቃ ፈጀብን ግን ጠርዙ ላይ በጥፍሬ ብሄድበት አይይዝም። ከግራይንደሩ በር ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሳቆማቸው ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

ከባዱ ልብሱን ከቁራጩ ላይ ማላቀቅ ነበር። መሮውን ጋደም ሳላደርገው ስጀምር እንጨቱን እየነከሰ ሄደ፣ ወንድሜ ነው በኋላ ያስተኛው፣ ከዛ ኤምዲኤፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። አንዱን ለማጽዳት አርባ ደቂቃ። ልጄ ሰይፉን ስወስድበት ቅር ብሎት ነበር፣ ኮላ ስንቀባ ብሩሹን እሱ ያዘ። ሞርሳ ስለሌለን በጀሪካን ነው የጫንነው፣ ሶስት ጀሪካን በአንድ በር፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሁሉ ጀሪካን ሆኖ አደረ።

የመጀመሪያውን በር፣ የተበላሸውን፣ ለብቻው ነው ያደረግነው። እንጨቱ ገብቶ አሁን ታቹን ስጫነው ድፍን ነው፣ ገባ ወጣ የሚል ነገር የለም። የተላጠውን ቀለም ግን ምን ላድርገው፣ ሁለት ጣት ያህል ነው፣ በመኝታ ቤቱ ውስጥ በኩል ነው ያለው።

አናጺ ነኝ፦

ጎበዝ ልጄ፣ እጃችሁ ይባረክ። የተላጠውን መጀመሪያ የላላ ቀለም ካለ በከተር ጫፍ አንሺው፣ ከዛ ስቱኮ በስስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ወፍራም አታድርጊ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ በጣትሽ ሂጂበት፣ ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። ነጩን ለመመሳሰል ያንን ቦታ ብቻ አትቅቢ፣ ከታች እስከ አንድ ክንድ ያህል በሙሉ ቅቢው፣ ያለዛ እንደ ልጥፍ ይታያል። ታችኛውን ጠርዝ ቀባሽው?

የጀሞዋ፦

ጋሼ ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ቀብቻለሁ፣ የባኞ ቤቱ ሶስተኛው ቀለም ገና እርጥብ ነው። በሩ ባልኮኒ ላይ ተጋድሟል፣ ለጊዜው መጋረጃ ሰቅለንለታል። ነገ ማታ ከስራ ስመለስ እሰቅለዋለሁ።